ኔት ኖረም አልኖረም የሶፍትዌር ችግሮችን ከተርሚናል መመዝገብ፦ እናንተ ምን ትጠቀማላችሁ?

በረሳ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ?

ሦስት ሆነን ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሒሳብ ፕሮግራም እየሠራን ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ። አንዱ ጓደኛችን መሐል ሜዳ ያስተምራል፣ አንዷ ደግሞ ሸዋ ሮቢት ናት። ኮዱ ጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢው ፕሮግራም) ላይ ስላለ እሱ አያሳስበንም። ኔት ሲጠፋ ሁላችንም ባለንበት ኮሚት እናደርጋለን (ለውጡን እንመዘግባለን)፣ ሲመጣ ፑሽ (ወደ ጋራው ቅጂ መላክ) ነው። ያስቸገረን የችግሮቹ መዝገብ ነው።

አሁን ችግር የሚደርሰን በስልክና በቴሌግራም ነው። ገንዘብ ያዧ ትደውልና «እንዲህ ብዬው እምቢ አለኝ» ትላለች። የሰማው ሰው ግሩፑ ላይ ይጽፈዋል። ከዚያ የበዓል መልካም ምኞት ይከተላል፣ ፎቶ ይከተላል፣ ቮይስ ይከተላል። በሳምንቱ «ያ ነገር ተስተካከለ ወይ?» ሲባል ቆፍሮ የሚያወጣው የለም። ጊትሃብ (የጊት ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ የኢሹ፣ ማለትም የችግሮች፣ ገጽ አለን። ግን ገጹ ኔት ይፈልጋል፣ ኔቱ ደካማ ከሆነ ደግሞ ግማሽ መጥቶ ይቆማል። ችግር እንደተነገረን ካልጻፍነው በኋላ አይጻፍም፤ ይኼንን ደጋግመን አይተነዋል።

የምፈልገው ይኼ ነው፦ ከተርሚናል (ትእዛዝ እየተየብን ከምንሠራበት መስኮት) ሳልወጣ ኢሹ መክፈት፣ ማየት፣ አስተያየት መጨመር፣ መዝጋት። ኔት ባይኖርም። በሥራ ላይ ያዋላችሁት ነገር ካለ ንገሩኝ። የማስታወቂያ ገጽ አንብቤ አንብቤ ደክሞኛል።

---

ሰሚት (አዲስ አበባ)

ሰላም በረሳ። ኢሹአችሁ ጊትሃብ ላይ ከሆነ መጀመሪያ የራሱን የጊትሃብን መሣሪያ ሞክሩት። «ጂኤች» ይባላል፤ የመጀመሪያው ሙሉ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። (ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፣ እናንተ ስትተይቡ በላቲን ነው።)

«ጂኤች ኢሹ ክሪየት» ትለዋለህ፤ ርዕስና ዝርዝር ይጠይቅሃል። «ጂኤች ኢሹ ሊስት» ክፍቶቹን ይዘረዝራል። አንዱን ለማንበብ «ጂኤች ኢሹ ቪው 23 --ኮሜንትስ»፣ ለመዝጋት «ጂኤች ኢሹ ክሎዝ 23»። ሊስት ምንም ካልጨመርክበት 30 ብቻ ነው የሚያሳይህ። ብዙዎች «ኢሹዬ ጠፋ» የሚሉት በዚህ ነው፤ «--ሊሚት» ብለህ ቁጥሩን ከፍ አድርገው።

የኔት ፍጆታው ላይ ከብሮውዘሩ ጋር አይወዳደርም። የሚመጣው ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ሥዕል የለ፣ ስክሪፕት የለ። ስልክህን ሆትስፖት አድርገህ በደካማ ኔትወርክ እንኳ ይሠራል። ጊትላብ ለሚጠቀሙ ደግሞ «ጂላብ» የሚባል አቻ አለው።

ጭራሽ ኔት ከሌለ ግን መጻፍ አይቻልም። ኔት ባለበት ሰዓት «--ጄሰን» ጨምረህ ሁሉንም ወደ ፋይል ካወረድካቸው በኋላ ማንበብ ትችላለህ። ማንበብ ብቻ።

---

በረሳ

ሰሚት አመሰግናለሁ። የ30ዋን አላውቅም ነበር፣ በጣም ጠቃሚ ነች። ግን ለእኛ ዋናው መጻፉ ነው። ገንዘብ ያዧ የምትደውለው ኔት መኖሩን አይታ አይደለም።

---

ጓሳ (መሐል ሜዳ)

በረሳ የጠቀሰው መምህር እኔ ነኝ። የእኔን ሐሳብ ያውቀዋል፣ እዚህም ልድገመው።

ተራ ፋይል ይበቃናል። ሪፖው (የኮዱ የጊት ማኅደር) ውስጥ «ችግሮች» የሚል ፎልደር ይኑር። ለእያንዳንዱ ችግር አንድ የጽሑፍ ፋይል። የመጀመሪያው መስመር ርዕስ፣ ሁለተኛው «ሁኔታ፦ ክፍት» ወይም «ሁኔታ፦ ዝግ»። ከዚያ ዝርዝሩ። ክፍቶቹን ማየት ሲያስፈልግ «ግሬፕ» (ጽሑፍ ፈላጊው ትእዛዝ) አድርጎ መዘርዘር ነው። ማን መቼ እንደለወጠው ጊት ራሱ ይናገራል። ምንም የሚጫን ነገር የለም፣ የሚማሩት አዲስ ነገርም የለም። ከአሥር ዓመት በኋላ ማንም ከፍቶ ያነበዋል።

ሁለተኛ ጥቅምም አለው። ችግሩን ያስተካከለው ኮድና «ዝግ» የሚለው ለውጥ በአንድ ኮሚት ይገባሉ። አንዱ ያለ ሌላው አይገኝም።

---

አንኮበር

ልጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። በሲስተም አስተዳደር ብዙ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፣ ስለ ነገሩ ትንሽ ልበል።

የምትጠይቁት ነገር አዲስ አይደለም። ኔት ለሁሉም በማይደርስበት ዘመን የተሠሩት መዝገቦች በኢሜይል ነበር የሚሠሩት። የዴቢያን ሊኑክስ የባግ (የስሕተት) መዝገብ እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው፦ ችግር በኢሜይል ትልካለህ፣ ቁጥር ይሰጥሃል፣ ለዚያ ቁጥር አድራሻ ከጻፍክ አስተያየትህ ይገባል፣ የመዝጊያውም አድራሻ ለብቻው አለ። ኔት ሲጠፋ ደብዳቤው ተራውን ይጠብቃል፣ ሲመጣ ይሄዳል። ፎሲል የሚባለውም አለ፤ ኤስኪውላይት የተባለውን ዳታቤዝ የሠራው ሪቻርድ ሂፕ የሠራው ነው። ኮዱም፣ የችግሩ ቲኬትም፣ ዊኪውም አንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጣሉ፣ አንድ ላይ ይሰምራሉ። በጣም የምወደው ሥራ ነው። እናንተ ግን ጊት ላይ ስላላችሁ ለዚህ ብላችሁ ቤት አትቀይሩ።

ጓሳ፣ የፋይሉ ሐሳብህ መልካም ነው፣ ቀላልነቱን እኔም እወደዋለሁ። ሁለት ቦታ ላይ ግን ያስቸግራችኋል። የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ኔት በሌለበት አንተ «47» ብለህ ትከፍታለህ፣ በረሳም እዚያው ማታ «47» ብሎ ይከፍታል። ስትገናኙ ሁለት 47 አለ፣ በስልክ ደግሞ «47ን ዘግቼዋለሁ» ተባብላችኋል። ሁለተኛው ብራንች (ጎን ለጎን የሚሄድ የኮድ ቅርንጫፍ) ነው። ፋይሉ ከኮዱ ጋር ስለሚሄድ በአንዱ ብራንች ዝግ የሆነው በሌላው ክፍት ነው። «አሁን ስንት ክፍት አለ?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ አይኖራችሁም።

«ጊት-ባግ» የሚባለውን እዩት። ኢሹውን ሪፖው ውስጥ ያስቀምጣል፣ ነገር ግን በፋይልነት አይደለም። ከብራንቾቹ ውጪ፣ በጊት የውስጥ ማኅደር ውስጥ ለብቻው ይይዘዋል። ስለዚህ ብራንች ብትቀይሩ መዝገቡ አይቀየርም። መለያውም ተራ ቁጥር ሳይሆን እንደ ኮሚት ያለ ረጅም ሀሽ (ከይዘቱ የሚሰላ የፊደልና የቁጥር መለያ) ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ፊደላት መጥራት ይበቃል። ሁለት ሰው በአንድ ሌሊት ቢከፍት አይጋጭም።

ደስ የሚለኝ አሠራሩ ነው። እያንዳንዱ ኢሹ የድርጊቶች ሰንሰለት ነው፦ ተከፈተ፣ አስተያየት ተጨመረ፣ ሌብል (መለያ ምልክት) ተለወጠ፣ ተዘጋ። ሁለታችሁም ኔት በሌለበት አንድ ኢሹ ላይ ብትጽፉ፣ ስትገናኙ የሁለታችሁም ድርጊት ይገባል፣ የሚጠፋ የለም። ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ደግሞ የኮምፒውተሩ ሰዓት አይደለም። ሌስሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1978 በጻፈው ሐሳብ የሚሠራ ቆጣሪ ነው፦ አዲስ ድርጊት እስካሁን ካየው ቁጥር ሁሉ የሚበልጥ ቁጥር ይይዛል። ባትሪዋ ያለቀባት ኮምፒውተር መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀኗ ወደ ኋላ ዓመታት ይመለሳል፤ ታውቁታላችሁ። በቀን የሚሠራ መዝገብ በዚያ ይበላሻል። ይኼኛው አይበላሽም።

---

ጓሳ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የብራንቹን ነገር በዚህ መልኩ አላሰብኩትም ነበር። ቁጥሩን እንኳ በቀንና በስም መጀመሪያ ፊደል እንፈታዋለን ብዬ ነበር፣ ብራንቹ ግን እውነትም አይፈታም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። እዚህ ኔቱ ለቀናት የሚቀርበት ጊዜ አለ። ፕሮግራሙን ራሱን እንዴት አወርደዋለሁ? ብዙ ጥገኛ ነገር የሚጎትት ከሆነ እኔ ጋ አይጫንም።

---

አንኮበር

«ጎ» በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው። ጎ ደግሞ ሁሉን ነገር አንድ ፋይል ውስጥ አስሮ ነው የሚሰጥህ። ደብረ ብርሃን ያለው አውርዶ በፍላሽ ቢልክልህ ገልብጠህ ታስነሣዋለህ። ለዊንዶውስም ለሊኑክስም ለየብቻ አለ፣ የአንተን ንገረው።

---

ጠባሴ (ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ)

ሰላም ሁላችሁም። ጋሼ የጻፉት ብዙ አስተማረኝ። ለፕሮጀክታችን ጊት-ባግ እየተጠቀምን ስለሆነ የአጠቃቀሙን ልጨምር።

መጀመሪያ «ጊት ባግ ዩዘር ኒው» ብላችሁ ራሳችሁን አስመዝግቡ፤ ያለሱ ኢሹ አይከፍትም። ኢሹ ለመክፈት በአዲሶቹ እትሞች «ጊት ባግ ባግ ኒው» ነው፣ በድሮዎቹ «ጊት ባግ አድ»። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ብዙ ማብራሪያዎች በድሮው ስለተጻፉ ግራ አትጋቡ። «ጊት ባግ ተርምዩአይ» ብትሉ እዚያው ተርሚናሉ ላይ በቀስት የምትንቀሳቀሱበት ዝርዝር ይከፈታል። እኔ ቀኑን ሙሉ የምውለው እዚያ ነው።

ትልቁ ነገር ይኼ ነው፦ ተራ «ጊት ፑሽ» ኢሹዎቹን አይወስድም! «ጊት ባግ ፑሽ» ለብቻው ነው፣ «ጊት ባግ ፑል»ም እንዲሁ። ሪፖውን አዲስ ክሎን ያደረገ (የገለበጠ) ሰውም አንድ ጊዜ «ጊት ባግ ፑል» ካላለ መዝገቡን ባዶ ነው የሚያየው። አዲስ ሰው ስታስገቡ መጀመሪያ ይኼን ንገሩት።

አሁን ስለ አማርኛው። ኢሹ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፣ እኛ እንጽፋለን። በቆየው የዊንዶውስ ጥቁር መስኮት ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል፤ አዲሱን ዊንዶውስ ተርሚናል ጫኑ። እዚያም ቢሆን ተርሚናል ለሁሉም ፊደል እኩል ቦታ ስለሚሰጥና የእኛ ፊደል ሰፋ ስለሚል «ጨ»ና «ሿ» ዓይነቶቹ ይጨናነቃሉ። ርዕሱን አጭር አድርጉት፣ ዝርዝሩን በኤዲተር ክፈቱት።

የፋይል ስም በአማርኛ የምታወጡ ከሆነ ጊት ስሙን በቁጥርና በወደ ኋላ ጭረት ዘርግቶ ያሳያችኋል። አልተበላሸም። «ጊት ኮንፊግ ኮር.ኮትፓዝ ፎልስ» ስትሉት በፊደሉ ያሳያል።

ፍለጋም ላይ ተጠንቀቁ። አንዱ «ሒሳብ» ይጽፋል፣ ሌላው «ሂሳብ»። ኮምፒውተሩ ለየብቻ ፊደል አድርጎ ነው የሚያያቸው፣ አንዱን ስትፈልጉ ሌላው አይመጣም። ግሬፕ ላይ ሁለቱን ፊደል በማዕዘን ቅንፍ አስገቡ፣ «[ሒሂ]ሳብ» ብላችሁ። ለሌብል ግን አንድ አጻጻፍ ወስናችሁ እሱን ብቻ ያዙ።

---

ሰሚት

ጠባሴ በጣም ጥሩ ጽፈሻል። እኔ ግን አንድ ሥጋት አለኝ። ችግሩን የምትናገረው ገንዘብ ያዧ ናት። ተርሚናል ውስጥ የተቀመጠ መዝገብ እሷ አታየውም። ለሦስት ፕሮግራመር የሚመች መዝገብ ሠርታችሁ ባለጉዳዩን ውጪ ልታስቀሩት ነው። ቢያንስ ጊትሃብ ላይ ሊንክ ይላክላታል።

---

ቀወት (ሸዋ ሮቢት)

ሰሚት፣ ገንዘብ ያዧ የምትደውለው ለእኔ ነው፣ ስለዚህ እኔ ልመልስ።

ሊንክ ልከንላት እናውቃለን። አትከፍተውም፣ መክፈትም የለባትም። ፊቷ አባላት ተሰልፈው ቆመዋል። እሷ የምትፈልገው ስትደውል አንድ ሰው እንዲያነሣ፣ የተናገረችው በትክክል እንዲጻፍ፣ ሲስተካከል መልሶ የሚደውልላት ሰው እንዲኖር ነው። ያን የምናደርገው እኛ ነን። ስለዚህ መዝገቡ ለእኛ እጅ ይቅረብ፣ ምክንያቱም ስልኩ ጆሮዬ ላይ እያለ ነው የምጽፈው።

መሣሪያው ላይ ብዙ ተከራክረናል፣ ምን እንደሚጻፍ ግን ማንም አላነሣም። የቅርቡን ላሳያችሁ። ገንዘብ ያዧ የድሮ የወረቀት መዝገብ እያስገባች ነበር። ደውላ ያለችኝ «ፕሮግራሙ ጳጉሜን አይወድም» ነው። ይኼን እንዳለ ግሩፑ ላይ ብወረውረው ማንም ምንም አያደርገውም። ስልኩን ሳልዘጋ ጠየቅኳትና ይኼን ጻፍኩ፦

ርዕስ፦ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 የገባ ቁጠባ አይመዘገብም
የሆነው፦ ቀኑን ጽፋ «አስቀምጥ» ስትለው «ትክክለኛ ቀን ያስገቡ» ይላል። ጳጉሜ 5ን ይቀበላል።
መሆን የነበረበት፦ መቀበል። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜ 6 ቀን ነበረች።
ለመድገም፦ አዲስ ገቢ፣ ማንኛውም አባል፣ ቀን 06/13/2015።
ጉዳቱ፦ የዚያን ቀን ገቢዎች በሙሉ ቆመዋል፣ ወለዱም አይሰላም።
ሌብል፦ ቀን፣ አስቸኳይ

ጓሳ ይኼን አንብቦ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቀኝ ቦታውን አገኘው። ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 አድርጎ የሚቆጥር መስመር ነበር። ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ቀሪው 3 ከሆነ 6 እንዲሆን አደረገው። ቀጣዩ 2019 ነው፤ ይኼ ባይጻፍ ኖሮ ያኔ ሰልፉ ላይ ነበር የምንደርስበት።

«ለመድገም» የሚለው መስመር ካልተሞላ ኢሹው አይከፈት። የእኔ አቋም ይኼ ነው። ፋይልም ይሁን ጊት-ባግ፣ ለእኔ ያ ነው ቁም ነገሩ።

---

አንኮበር

ቀወት ልጄ፣ ተባረኪ። እንደዚህ የሚጽፍ ሰው ያለበት ቡድን በምንም መሣሪያ ይሠራል።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህን መስመሮች በባዶው ይዘሽ ትንሽ ፋይል አድርጊያቸው። ኢሹ ስትከፍቺ እሱን ገልብጠሽ ትሞዪዋለሽ። ስልክ እየተቀበሉ ከባዶ መጀመር ይከብዳል፣ ጥያቄው ፊት ለፊትሽ ካለ ግን አፍሽ ራሱ ይጠይቃል።

---

ሰሚት

ቀወት አሳምነሽኛል። መልሶ የሚደውልላት ሰው ካለ ሊንኩ አያስፈልጋትም። ኔት ሲኖር ደግሞ ጊት-ባግ ከጊትሃብ ኢሹዎች ጋር የሚገናኝበት ድልድይ አለው፣ ከጊትላብም ከጂራም ጋር እንዲሁ። ያሉትን የድሮ ኢሹዎች በዚያ አስገቧቸው፣ በእጅ አትገልብጡ።

---

በረሳ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ተስማምተናል፣ ጊት-ባግ ይሁን። የቀወት ቅጽም ገብቷል።

ኔት ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ በፍላሽ ለመላላክ አስበናል። ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ የሚሄደው መኪና በጣርማበር በኩል ስለሚያልፍ ሰው አይጠፋም። ፍላሹ ላይ «ጊት ኢኒት --ቤር» ብዬ ባዶ ሪፖ ሠራሁ፣ «ፍላሽ» በሚል ስም ሪሞት (የመላኪያ አድራሻ) አድርጌ ጨመርኩት። ሊኑክሱ ላይ «ጊት ፑሽ ፍላሽ» ከዚያ «ጊት ባግ ፑሽ ፍላሽ» አልኩ፣ ሁለቱም ሄዱ። ፍላሹን ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር ላይ ስሰካው ግን ተራው «ጊት ፑል ፍላሽ» እንኳ እምቢ አለ። የባለቤትነት ነገር አጠራጥሮኛል የሚል ረጅም መልእክት ነው የሚያወጣው። የጓሳም ኮምፒውተር ዊንዶውስ ስለሆነ ሳልልከው ይፈታ ብዬ ነው።

---

ጠባሴ

ፍላሹ አልተበላሸም። ጊት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የሪፖው ፎልደር ባለቤት አንተ መሆንህን ያጣራል፤ የሌላ ሰው ሪፖ ውስጥ የተደበቀ ትእዛዝ በአንተ ኮምፒውተር እንዳይሠራ ነው። ብዙ ፍላሽ የሚፎርማተው ፋት በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ነው፣ ፋት ደግሞ የፋይል ባለቤት የሚባል ነገር አይመዘግብም። ዊንዶውሱ ላይ ማጣሪያውን የሚያልፍበት መንገድ የለውም።

«ጊት ኮንፊግ --ግሎባል --አድ ሴፍ.ዳይሬክተሪ» ብለህ የፍላሹን ሪፖ አድራሻ አስከትል። አድራሻውን አትገምት፣ የስሕተት መልእክቱ ራሱ ሙሉውን ትእዛዝ ጽፎልሃል፣ ከዚያ ገልብጠው። ሁሉንም በኮከብ የሚፈቅደውን አትጠቀም፤ ያ ማጣሪያውን ጨርሶ ያጠፋዋል። ጓሳም በራሱ ኮምፒውተር ላይ እንዲሁ ማድረግ አለበት፣ የፍላሹ ፊደል እሱ ጋ ሊለይ ስለሚችል።

---

በረሳ

ሠራ! ጠባሴ፣ አንቺ ባትኖሪ ዛሬ እዚህ ላይ ነበር የማመሸው። ፍላሹ ነገ ጠዋት ይሄዳል።

---

ቀወት

ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር፣ በረሳ። ፍላሽ ሰው እጅ ነው የሚሄደው፣ ሊጠፋ ይችላል። ኢሹዎቹ ውስጥ የአባል ስም ወይም የቁጠባ መጠን የተጻፈበት ካለ ቅድሚያ እሱን እንይ። ጊት-ባግ ላይ አስተያየት ብታርምም የድሮው ጽሑፍ ሰንሰለቱ ውስጥ ይቀራል፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው አለመጻፍ ነው። ቅጹ ላይ «ማንኛውም አባል» ያልኩት ለዚህ ነው። ከጊትሃብ በድልድዩ የገቡትን የድሮዎቹን እስካሁን አላየኋቸውም፣ ዛሬ ማታ አያቸዋለሁ። እስክደውልልህ ፍላሹን አትስጥ።

---

ጓሳ

ትክክል ናት፣ አንድ ቀን ቢዘገይ ምንም አይደል። እኔ እስከዚያ ሴፍ.ዳይሬክተሪውን አስተካክዬ እጠብቃለሁ። ፍላሹ ላይ የጊት-ባግን የዊንዶውስ ፋይል መጨመርህን አትርሳ፣ እኔ ጋ ገና አልተጫነም።